በአማቴ ቀብር የሳቅሁበት ዓመት

ባለፈው ጥቅምት መነጽር ላሠራ ደብረ ብርሃን ወርጄ ነበር። ጉዳዬን ጨርሼ የመሐል ሜዳው አውቶቡስ እስኪሞላ መናኸሪያው ውስጥ ፀሐይ የሚያርፍበት ደፍ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ከጎኔ ወፍራም ሹራብ የደረበች፣ ፀጉሯን ሽበት የወረሰው ሴት ብርቱካን ትልጣለች። ፊት ለፊታችን አንድ ሽማግሌ በግ አቅፈው ከረዳቱ ጋር ይከራከራሉ። ረዳቱ በጉ ጣሪያ ላይ ይውጣ ይላል፤ ሽማግሌው ደግሞ "እኔ ጣሪያ ላይ ልውጣ፣ እሱ ይቀመጥ። ብርድ አይችልም" ይላሉ። ከት ብዬ ሳቅሁ። ሴትየዋ ብርቱካኑን ተወችና ዞራ አተኩራ አየችኝ።

"ይቅርታ፣ ጋሽ ወርቅነህ ነዎት? የዘመሮው ልብስ ሰፊ?"

"ነኝ።"

"ይሄኛው ሳቅ የእውነቱ ነው ወይስ የዚያኛው ዓይነት?"

በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ብሎ ሊጠይቀኝ የሚችል ሰው ከባለቤቴ ሌላ አንድ ብቻ ነው። "ሲስተር ጽጌ!" ብዬ ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ። "የእውነቱ ነው፤ በጉ ነው ያሳቀኝ።" እሷም ሳቀች። አውቶቡሱ እስኪጠራን ብርቱካኑን ተካፍለን አወራን። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ያን ዕለት እህቷን ልትሸኝ ነበር የመጣችው። ከዚያ ተሳፈርሁ። ጣርማበር ላይ ወደ ግራ ስንታጠፍ መስኮቱን ዘጋሁና ያን ዓመት እንደ ድሮ ካሴት ከመጀመሪያው አጠነጠንሁት።

ስንት ዓመት እንደሆነው በትክክል መናገር ይከብደኛል። ትልቋ ልጄ ፊደል የጨረሰችበት፣ በከተማው ስልክ አንድ ብቻ የነበረበት፣ ሱሪ በአሥራ አምስት ብር ይሰፋ የነበረበት ጊዜ ነው። የእኔ በረንዳ ከዘመሮ ገበያ መግቢያ፣ ከካሴት ሱቁ ጎን ነበረች። ባለሱቁ ጠዋት አንዱን ዘፈን ከከፈተ ሌላ ሰው ካሴት እስኪገዛ ድረስ ያንኑ ነበር የሚደጋግመው፤ ስለዚህ እኔ ሳልፈልግ የስንት ዘፋኝ ግጥም በቃሌ አጥንቻለሁ፤ የስፌት መኪናዬ መርገጫም እግሬ ሥር በዘፈኑ ምት ነበር የሚሄደው። ዛሬ ያ ሱቅ ሞባይል ይጠገንበታል፤ እኔ እቀመጥበት የነበረውም ላይ ከቻይና የመጣ ጃኬት በመስቀያ ተደርድሯል። ያን ጊዜ ግን ልብስ እንደዛሬ ተሰፍቶ አይመጣም። በገበያ ቀን ሰው ጨርቁን በብብቱ ይዞ ነበር የሚመጣው። ካኪ ለተማሪ፣ አቡጀዴ ለሽማግሌ፣ አበባ ያለበት ጨርቅ ለሙሽራ። መምህራኑ ከታች የሰፋ ሱሪ ያሰፉና መሬቱን ካልጠረገ ይቆጡኛል። ካህናቱ ደግሞ ጭቃውን ፈርተው ከቁርጭምጭሚት ከፍ እንዲል ያስጠነቅቁኛል። የገጠሩ ሰው ከገዛ በጎቹ ጠጉር የተሠራ ጥቁር በርኖስ ያመጣል። በርኖስ መስፋት የሚወድ ልብስ ሰፊ አይገኝም፤ መርፌ ይሰብራል፣ ጠጉሩ አፍንጫ ውስጥ እየገባ ያስነጥሳል። እኔ ግን እወደው ነበር። አንዴ የተሰፋ በርኖስ ባለቤቱን ቀብሮ ለልጁ ይተርፋል።

ሙያውን ያስተማሩኝ አማቴ አባባ ደጀኔ ናቸው። ያኔማ አማቴ አልነበሩም፤ በከተማው የመጀመሪያውን የስፌት መኪና በበቅሎ ጭነው ያመጡ፣ አፋቸው ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት መርፌ የማይጠፋ ቀጭን ሰው ነበሩ። እኔ ወላጅ የሌለኝ ጎረምሳ ነበርሁ። ቁልፍ ከመትከል አስጀመሩኝ። የሰፋሁትን ወደ ብርሃን አውጥተው ያዩና አንድም ቃል ሳይናገሩ በምላጭ ይተረትሩታል፤ ከዚያ "እንደገና፣ ልጄ" ይላሉ። ስድስት ጊዜ የተተረተረብኝ ኮሌታ አለ። በመጨረሻ ሴት ልጃቸውን እታገኘሁን ሰጡኝ፤ ዓይናቸው ሲደክም ደግሞ መኪናውን በረንዳዬ ላይ አስቀመጡት። "የእኔ ነው፤ አንተ ግን ሥራበት" አሉኝ።

የወደቅሁት ለሠርግ ልብስ ሳደርስ ነው። ራቤል አካባቢ ላሉ ሰዎች የሙሽራና የሚዜ ልብስ ሰፍቼ፣ ቀኑ ስለደረሰ ራሴ በቅሎ ተውሼ ከነጋዴዎች ጋር ተነሣሁ። ጓሳውን እያቋረጥን ሳለ፣ ጭጋጉ ገና ከመሬት ሳይነሣ፣ ከሣሩ መሐል አንዲት ቆቅ ከበቅሎዋ እግር ሥር ፍር ብላ ተነሣች። በቅሎዋ ደነበረች። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም። አብረውኝ የነበሩ ነጋዴዎች ጭንቅላቴ ድንጋይ ላይ እንዳረፈ፣ በቃሬዛ ተሸክመውኝ እንደተመለሱ በኋላ ነገሩኝ። በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ውስጥ ዓይኔን ስገልጥ እታገኘሁ አጠገቤ ተቀምጣ አየኋት።

"ልብሱ ደረሰ ወይ?" አልኋት።

"ልብሱማ ደርሶ፣ ተጋብተው፣ ቅልቅሉም አልቋል። አንተ ነህ ያልደረስከው" ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ጭንቅላቴን የሰፋው ሰው ሕይወቴን አትርፏልና እግዜር ይስጠው። ስፌቱን ግን በመስተዋት ሳየው እንደ ጆንያ አፍ ነበር። አባባ ደጀኔ ሊጠይቁኝ መጥተው ጎንበስ ብለው መረመሩትና "ይህን እኔ ብሆን ተርትሬው ነበር" አሉ። ለመጨረሻ ጊዜ ከልቤ የሳቅሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሳቅሁት ሁሉ ሳቅ አልነበረም።

ቁስሉ ዳነ፣ ፀጉሬም በላዩ በቀለ። ሰው ሁሉ "እንኳን ተረፍክ" ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ግን አልተመለስሁም። ጠዋት የገበያው ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል፤ የመኪናው ድምፅ፣ ያ ለሃያ ዓመት እንቅልፌ ላይ ሳይቀር የምሰማው ድምፅ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚደበድብ መዶሻ ሆነ። የለካሁትን እረሳለሁ። ለአንድ መምህር የሰፋሁት ሱሪ አንዱ እግሩ ከሌላው በአራት ጣት አጥሮ ተገኘ፤ ደግነቱ ሰውየው ቀልደኛ ነበርና "አቀበት ላይ ስቆም እለብሰዋለሁ" ብሎ ወሰደው። በትንሽ በትልቁ እቆጣ ጀመር፤ ቁጡ ሰው አልነበርሁም። ይህ ሁሉ እያለ ነው ያኛው የመጣው።

አንድ የገበያ ቀን የማውቀው ገበሬ በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ በሬው ገደል እንደገባበት ይነግረኛል። ያለው በሬ ያ ብቻ ነው። አዘንሁለት፤ "አይዞህ" ልል አፌን ስከፍት ሳቅ ወጣ። ያውም ፈገግታ አይደለም፣ ሆድ የሚያስይዝ ሳቅ! ልይዘው ብሞክር ባሰብኝ። ሰውየው መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ኋላ ቀስ ብሎ ተነሣና ጨርቁን አንሥቶ ሄደ። እኔ ደግሞ ሳቁ ሲለቀኝ ላብ አጥምቆኝ፣ ጉንጬ ታምሞ፣ ውስጤ ግን እንዳዘነ ቀረሁ። ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ፊቴ ይስቃል፤ እኔ አልስቅም። ሰው እጄን ይዞ የሚያወዛውዘኝ ያህል ነበር።

ከዚያ በኋላ በማንኛውም ሰዓት ይመጣብኝ ጀመር፣ በተለይ የሚያሳዝን ወይም የሚያስደነግጥ ነገር ስሰማ። መጀመሪያ ሰፈሩ እንደ ጨዋታ ቆጠረው፤ የካሴት ሱቁ ባለቤት "ዛሬ ወርቅነህ ስንቴ ሳቀ?" እያለ ይወራረድብኝ ነበር። እኔም አብሬ ቀልጄ ለማለፍ ሞከርሁ። እታገኘሁ ብቻ ናት ያልቀለደችው። እየሳቅሁ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

በኅዳር አባባ ደጀኔ አረፉ። ሦስት ቀን አልጋ ላይ ዋሉ፣ በአራተኛው ጠዋት ሄዱ። ለእኔ ከአባት አንሰው አያውቁም። ቀብሩ ላይ ላለመሄድ አሰብሁ፤ ግን የባለቤቴ አባት፣ ያሳደገኝ ሰው፣ እንዴት ብዬ ቤት እቀመጣለሁ? ከንፈሬን ነክሼ፣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ሄድሁ። ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ፣ ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ፣ ደረቴ ውስጥ ሲነሣ ተሰማኝ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስሁ። አልያዘውም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል፣ በአማቴ መቃብር አፋፍ ላይ፣ ቆሜ ሳቅሁ። ልቅሶው ሳይቀር ጸጥ አለ። የእታገኘሁ ታላቅ ወንድም ክፍሌ፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር፣ ሲሄድ እንኳ ኮቱን የሚቆልፍ ጭምት ሰው፣ ክንዴን ይዞ ከመቃብሩ አጥር አወጣኝ። አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በሰልስቱ ማግስት ክፍሌ ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ። "መኪናው የአባቴ ነው፤ እወስደዋለሁ" አለ። "እህቴንም እወስዳለሁ። ከሚያሾፍብን ሰው ጋር አትኖርም።" መኪናውን አህያ ላይ ጭነው ወሰዱት። እታገኘሁ ግን ከበሩ አልወጣችም።

"አባቴ ለማን እንደሰጡኝ ያውቁ ነበር" አለችው። "አንተ መኪናውን ውሰድ። እኔን ግን ማንም ጭኖ አይወስደኝም።"

የንስሐ አባቴ ጸበል እንድገባ ነገሩኝ፤ ሁለት ሱባኤ ገባሁ። ልቤን አሳርፎልኛል፣ ሳቁ ግን አልተወኝም። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው "ጸበሉም ይቀጥል፣ ሐኪምም ይይህ። ሁለቱ አይጣሉም" አሉኝ። የትኛው ሐኪም? ጤና ጣቢያው "ቁስሉ ድኗል" ብሎኛል። መላውን ያገኘችው እታገኘሁ ናት። ገበያ ላይ ልጇ የሚጥል በሽታ ያለባት አንዲት ሴት፣ ደብረ ብርሃን ክኒን የምትሰጥ ነርስ እንዳለች ነገረቻት። "የጭንቅላት ነገር ታውቃለች፤ ልጄ ከጀመረችው ወዲህ አልወደቀችም" አለቻት። እታገኘሁ ጥምቀት እስኪያልፍ ብቻ ጠበቀች። ከዚያ አንድ በግ ሸጣ፣ አገልግል ቋጥራ፣ እኔን እንደ ዕቃ አውቶቡስ ላይ ጫነችኝ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ የላኩን ከግቢው ጀርባ ወዳለ ክፍል ነው። በሩ ላይ "የአእምሮ ሕክምና" ይላል። ቆምሁ። አንድ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከራሱ ጋር ያወራል።

"እኔ እብድ አይደለሁም" አልሁና ልመለስ ዞርሁ።

እታገኘሁ አገልግሉን መተላለፊያው መሐል ጣል አድርጋ ላዩ ላይ ተቀመጠችበት። "እኔን ተራምደህ እለፍ" አለች። "መኪናው ሄዷል፣ ደንበኛ ሄዷል፣ ወንድሜ ሄዷል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ተራመደኝና ሂድ።"

ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና ነጭ ጋዋን ያደረገች ልጅ እግር ነርስ ብቅ አለች። እታገኘሁን፣ አገልግሉን፣ እኔን አየች። "ማነው የታመመው?" አለች።

"እሱ" አለች እታገኘሁ።

"እሷ" አልሁ እኔ።

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ "እንግዲያው ሁለታችሁም ግቡ" አለች። ሲስተር ጽጌ እንዲህ ነው የተዋወቅናት።

ክፍሏ ጠባብ ነበረች፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ መስኮቱ ላይ በቆርቆሮ የተተከለ አበባ። ሲስተር ጽጌ አልቸኮለችም። ስለ በቅሎዋ፣ ስለ ቆቋ፣ ስንት ቀን ራሴን እንደሳትሁ ጠየቀችኝ። ጣቷን በዓይኔ አስከተለችኝ፣ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታችኝ፣ አንድ እግር ላይ አቆመችኝ። አምስት ቃል ነግራኝ ቆይታ መልሰህ ንገረኝ አለች፤ ሁለቱን ብቻ አስታወስሁ። ከዚያ ስለ ቀብሩ ጠየቀች። እየነገርኋት መጣብኝ። እንደ ገበያው ሰው አልተሸማቀቀችም፣ እንደ ዘመዶቼም አልተቆጣችም። ሰዓቷን እያየች እስኪያልፍልኝ ጠበቀችና ውኃ ሰጠችኝ።

"አሁን ሲስቁ ውስጥዎ ምን ነበር?" አለችኝ።

ከወደቅሁ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። "ሐዘን" አልኋት።

አንገቷን ነቀነቀች። "ጋሽ ወርቅነህ፣ ይህ እብደት አይደለም። አጋንንትም አይደለም። ጭንቅላት ውስጥ ሳቅንና ልቅሶን የሚይዝ እንደ ፍሬን ያለ ነገር አለ። የወደቁ ጊዜ እሱ ተጎድቷል። ሐዘኑ የራስዎ ነው፤ የሚወጣበት መንገድ ነው የተሳሳተው።"

ጥቂት አሰብሁና "መኪናው ደህና ነው፣ ክር መወጠሪያው ነው የላላው ማለት ነው?" አልኋት።

እጇን አጨበጨበች። "ከእኔ ይልቅ እርስዎ ገለጹት!"

ያን ቀን አውቶቡስ ላይ ስንመለስ ክብደት የቀነስሁ መሰለኝ። ስም ያለው ነገር ነበር! ሌላም ሰው የሚይዘው ነገር ነበር። ስተኛ የምውጠው ክኒን ሰጥታኛለች፤ "አፍዎን ያደርቃል፣ ያንቀላፋዎታል፣ ለጥቂት ሳምንት ታገሡት፤ በአንዴ አይሠራም" ብላለች። ብርሃኑን ሰፊ ጠርዝ ባለው ባርኔጣ እንድከላከል፣ ቀትር ላይ ጨለምለም ያለ ቦታ ጋደም እንድል፣ ልኬት ሁሉ ደብተር ላይ እንድጽፍ፣ ሳቁ ሲነሣ ቁጭ ካልሁ እንድቆም፣ ከቆምሁ እንድቀመጥ፣ ትንፋሼን በቀስታ እንዳወጣ ነገረችኝ። ከሁሉ በላይ ግን ስወጣ እታገኘሁን ይዛ "በሚቀጥለው ቀጠሮ ያን ወንድምሽን አምጪው" አለቻት።

ክፍሌን እንዴት እንዳመጣችው እሷ ታውቃለች። እኔ የሰማሁት "አባታችን ሰው ሳይሰሙ ፈርደው ያውቃሉ ወይ?" ማለቷን ብቻ ነው። በየካቲት ሦስታችን ሄድን። ክፍሌ መንገዱን ሙሉ አላናገረኝም፤ ክፍሉ ውስጥም ኮቱን እንደቆለፈ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሲስተር ጽጌ ሁሉን አስረድታው ስታበቃ "የእኔን ወሬ ብቻ አይመኑ" አለችውና ወደ እኔ ዞረች። "ስለ አባባ ደጀኔ ይንገሩኝ።"

ጀመርሁ። ያን ስድስት ጊዜ የተተረተረ ኮሌታ ነገርኋት። መጨረሻ ላይ፣ አልጋቸው ላይ ሆነው የኮቴን እጅጌ ዳብሰው ስፌቱን እንዳገኙትና "ጥሩ ነው፣ ልጄ" እንዳሉኝ ነገርኋት። በዕድሜዬ ሙሉ ጥሩ ነው ብለውኝ አያውቁም ነበር። እዚያ ላይ ስደርስ ሳቁ መጣ። ክኒኑን ከጀመርሁ ወዲህ ረገብ ብሎ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን መጣ። ክፍሌ ፊቱን አዞረ። ሲስተር ጽጌ "አይዙሩ" አለችው። "አፉን ይተዉት። ዓይኑን ይዩ።"

ክፍሌ አየኝ። ለብዙ ጊዜ አየኝ። እኔ እስቃለሁ፣ እንባዬ ይወርዳል፣ "ጥሩ ነው አሉኝ፣ ክፍሌ፣ ጥሩ ነው አሉኝ" እላለሁ። ክፍሌ የኮቱን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈታ። ያን ሲያደርግ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ "ለእኔ አላሉኝም" አለ።

ሲስተር ጽጌ ውኃውን ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ሰጠችው።

በግንቦት የመንፈቁ ተዝካር ሆነ። ካህናቱ በልተው፣ ሕዝቡ ዳሱ ሥር ተቀምጦ ሳለ ክፍሌ ተነሥቶ ቆመ። ሁላችንም የሰበካ ጉባኤ ማስታወቂያ ሊናገር ነው ብለን ጠበቅን። "ወንድሜ ወርቅነህ ከበቅሎ ወድቆ ጭንቅላቱ ተጎድቷል" አለ። "በአባቴ ቀብር ያያችሁት ሳቅ አልነበረም፤ በሽታው ነው። እኔም አላወቅሁም፣ በድዬዋለሁ። ከእንግዲህ ይህ ሰው ለቅሶ ላይ ቢስቅ እንዳለቀሰ ቁጠሩለት።"

ከጥግ ጎረቤታችን እማማ ዘነበች፣ ጆሯቸው ከበድ ያለ አሮጊት፣ ጮክ ብለው "ታዲያ ሠርግ ላይ ሲስቅስ?" አሉ።

ክፍሌ አሰበበት። ሁሉን ነገር በቁም ነገር የሚያስብ ሰው ነውና። "ሠርግ ላይ ከሆነ ሳቅ ነው" አለ። ተዝካር ላይ እንደዚያ የተሳቀበት ቀን አላውቅም። እኔም ሳቅሁ፤ የቱ ዓይነት እንደነበር ራሴም አልለየሁትም።

በሳምንቱ መኪናው በአህያ ተመለሰ፤ ነጂው ክፍሌ ራሱ ነበር። ደንበኞቼም ቀስ በቀስ መጡ። ያ በሬው ገደል የገባበት ገበሬ የልጁን ካኪ ይዞ መጣና "እስቲ ልኬቱን ጻፈው፣ እንዳትረሳ" ብሎ ደብተሩን ራሱ አቀበለኝ። መርሳቱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም እጽፋለሁ። ራስ ምታቱም ጭጋግ በበዛ ቀን ይጎበኘኛል። ሳቁ ግን በወር አንዴ፣ ኋላም ጭራሽ እየጠፋ ሄደ፤ ክኒኑንም በሁለተኛው ዓመት ሲስተር ጽጌ ቀስ በቀስ አስቆመችኝ። በየቀጠሮው የምናወራው ስለ ልብስ ነበር። አንዴ ጋዋኗ ብብቱ ላይ ጠብቋት አይቼ አስወልቄ፣ እዚያው በእጄ በመርፌ አስተካክዬላታለሁ። "ክፍያ" ስትለኝ "ጭንቅላቴን አንቺ ብትሰፊው ኖሮ ጠባሳው ባልታየ" አልኋት፤ ከልቤ ነበር።

ከተዝካሩ ቀጥሎ በመጣው ሰኔ ግን አንድ ነገር ሆነ። መኪናው ሲመለስ የጎን መሳቢያው ነክሶ አልከፈት ብሎኝ ነበር፤ ርጥበት አብጦታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲያባራ ዘይት ልቀባው ተቀመጥሁና በቀስታ እየነቀነቅሁ ሳብሁት። ተከፈተ። ውስጡ የተጠቀለለ ክር፣ ሁለት ቁልፍና አንዲት ቁራጭ ጠመኔ ነበረች፤ አባባ ደጀኔ ጨርቅ ላይ ምልክት የሚያደርጉባት። አውራ ጣታቸው ከመያዙ ብዛት መሐሏ ጎድጉዷል። አውራ ጣቴን ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጥሁ። ልክ ነበር። ደረቴ ውስጥ ሲነሣ ተሰማኝና እንደ ልማዴ ትንፋሼን አወጣሁ፣ ከወንበሬ ተነሣሁ። ሳቅ አልመጣም። አለቀስሁ። ድምፅ አውጥቼ፣ አፌን እንደ ሕፃን ከፍቼ፣ መኪናው ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ።

እታገኘሁ ከጓዳ ሮጣ መጣች። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው፤ አባቷ ስፌት እንደሚያዩት አየችኝ። ከዚያ ለቀቀችኝና ወደ ደጅ ወጣች። "አለቀሰ! ኧረ ወርቅነህ አለቀሰ! ኑልኝ፣ አለቀሰ!" እያለች እልልታውን አቀለጠችው።

ሰፈሩ የሰማው "አለቀሰ" የሚለውን ብቻ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ። ወንዶቹ ኮታቸውን እየደረቡ ደረሱ። እማማ ዘነበች ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ "ማነው? ማን ሞተ?" ይላሉ።

"ማንም አልሞተም!" ትላለች እታገኘሁ እየሳቀች። "ባሌ አለቀሰ እኮ ነው! በሥርዓቱ አለቀሰ!"

እማማ ዘነበች በረንዳው ላይ ቆመው እኔን ተመለከቱኝ። ጠመኔዋን ይዤ እንባዬ አልቆም ብሏል። "ለደጀኔ ነው?" አሉኝ። በጭንቅላቴ አዎ አልኋቸው። "እንግዲህ ነጠላዬን አዘቅዝቄ በዚህ ጭቃ መጥቼ ዝም ብዬ አልመለስም" አሉና ተቀምጠው ድምፃቸውን ለቀቁት። ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ክፍሌ ኮቱን ሳይቆልፍ እያለከለከ ደረሰ፤ ነገሩን ሲረዳ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ጠመኔዋን ከእጄ ወስዶ አውራ ጣቱን ጉድጓዱ ውስጥ አደረገ፣ እሱም አለቀሰ። እታገኘሁ በሰው መሐል እየዞረች ጠላ ትቀዳለች፣ ባዶ ብርጭቆ ባየች ቁጥር እልል ትላለች። አማቴን ያለቀስኋቸው እንዲህ ነው፤ በሞቱ በሰባተኛው ወር፣ እልል እየተባለልኝ።